የቀለሟ ግምትና የቱሉ ሀርቡ ቧንቧ

ቀለሟ ውሃ የምታካፍለው በግምት ነው ተባለ።

ወሬው የተነሣው ነቀምቴ ውስጥ፣ ቀለሟ ከምትሠራበት የውሃ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ከየሺአረግ ሻይ ቤት ነው። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሲደርስ ግምቱ ቀርቶ «ጠጠር ትጥላለች» ሆነ። በባጃጅ ተሳፍሮ የዲጋ መንገድ ላይ ሲወርድ ደግሞ አባቷ ከጎጃም ይዘውት የመጡት የድግምት መጽሐፍ አላት፣ ሣጥን በሣጥን በተሰመረ ወረቀት ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግማ ትጽፋለች፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል ተባለ። ጎጃሜ አባት ያለው ሰው ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ ሌላ ማስረጃ ማን ይጠይቃል።

እንግዲህ ወሬው ይቃና። የቀለሟ አባት ከደብረ ማርቆስ የመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ይዘውት የመጡትም መጽሐፍ ሳይሆን የስፌት መኪና ነው። ሣጥን በሣጥን የተሰመረው የሒሳብ ደብተሯ ነው። ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው «በእጄ ሁለት» እያለች ስትደምር ነው። መገመቷ ግን እውነት ነው። የሺአረግ ሻይ ልታደርስ ገብታ ቀለሟ «እስቲ በግራ በኩል ሁለት ይሁን ብዬ ልገምት» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ የቀረውን ለመስማት አልቆየችም። የቀረው «ከዚያ አርመዋለሁ» የሚል ነበር። የሺአረግ ይህን ብትሰማ ኖሮ ወሬው ሻይ ቤቷን አያልፍም ነበር፤ የሚያርም ሰው ምን ይወራለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ከታንከር ተነሥቶ በአንድ ቧንቧ ቁልቁል ቢወርድ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቧንቧው ግን ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ሰፈሩን በግራና በቀኝ ዞሮ፣ ማዶ ላይ ተመልሶ ሲገናኝ ቀለበት ይሆናል። በግራ ስንት ሊትር፣ በቀኝ ስንት ሊትር ይሂድ? ውሃው ራሱ ያውቃል፤ ወረቀቱ አያውቅም። ደግሞ ውሃ እንደ ሰው አይደለም፤ በአንድ ቧንቧ የሚሄደው በእጥፍ ሲጨምር ድካሙ፣ ማለትም በመንገድ የሚያጣው ግፊት፣ በአራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ መስመር ቀመር ደምሮ ቀንሶ፣ እስክሪብቶ ዘግቶ መነሣት የለም። የሚታወቀው አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ በግራ የመጣውና በቀኝ የመጣው ውሃ መገናኛው ላይ እኩል ደክመው መድረስ አለባቸው።

እናም ቀለሟ ትገምታለች። በሰከንድ ከሚወርደው አምስት ሊትር ሁለቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ይሂድ ትላለች። ድካሙን ስታሰላ ግራው ሊወጣ ከሚችለው ከፍታ አራት ሜትር ያጣል፣ ቀኙ አሥራ ስምንት። የአሥራ አራት ሜትር ልዩነት አለ፤ ስለዚህ ግምቱ ውሸት ነው። ደስ የሚለው ግን ውሸቱ ራሱ በየት በኩል፣ በስንት እንደሳተች ይነግራታል። ያን ያህል ከቀኝ ወደ ግራ አሻግራ እንደገና ታሰላለች፤ ልዩነቱ ሰባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ጊዜ ደግማ ታሻግራለች፤ ሦስት ሚሊ ሜትር። የባሕር ዛፍ ቁመት የነበረው ውሸት በሁለት እርማት የስንዴ ቅንጣት ውፍረት ሆነ ማለት ነው። የሰፈር ወሬ እንዲህ ቢታረም ኖሮ ስንት ትዳር በቆመ ነበር።

ይህንን ያስተማሯት በቴክኒክ ኮሌጅ ሳለች ነው። ቢሮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም መብራት ሲመጣለት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ይገምታል፣ ያርማል፣ ይገምታል፣ ያርማል። ኮምፒውተሩ ሲሠራው ዘመናዊነት ይባላል። ቀለሟ ስትሠራው ጥንቆላ ሆነ።

ታዲያ ቀለሟ፣ ግምቷ ይታረማል ብላ ልቧን የምታሳርፍ ሴት አይደለችም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አርባ ሦስቱንም ስትሠጋ ነው የኖረችው። በሯን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ትገፋዋለች፤ ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ «ቆልፌው ነበር?» ብላ ሾፌሩን ትጠይቃለች፤ ሾፌሩ ምን ያውቃል። ጠባይዋን ያባሰው ደግሞ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። አንዲት የገጠር መንደር ላይ «ውሃው ይደርሳል» ብላ ፈረመች። አልደረሰም። የመሬቱን ከፍታ የለካው ሌላ ሰው ነበር፣ የተሳሳተውም እሱ ነው፤ ፊርማው ግን የእሷ ነው። ቦኖው ዛሬም እንደ ቆመ አለ፤ ዶሮ ይሰፍርበታል። «የቀለሟ ቦኖ» ብለው ስም አውጥተውለታል። የራስን ስም በደረቅ ቧንቧ ላይ መስማት እንዴት እንደሚያደርግ የሰማ ያውቀዋል።

ዘንድሮ በበጋ የቱሉ ሀርቡ ነገር መጣ። ቱሉ ሀርቡ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ውሃ ከገባለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጫፉ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ግን አልደረሰውም። አዋላጇ ሲስተር ናኦሚ ውሃ የምታገኘው በአህያ ነው፤ ምጥ ደግሞ አህያ አይጠብቅም። ቢሮው መጋዘን ውስጥ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ቧንቧ ነበረው። የቀለሟ አለቃ አቶ መሸሻ ጉዳዩን በር ላይ ቆመው ጨረሱት።

«ካለው መስመር ብንቀጥል ጤና ጣቢያው ድረስ ይወጣል አይወጣም? እስከ ዓርብ ፈርሚልኝ። አይወጣም ካልሽ ቧንቧው ቅዳሜ ለሌላ ወረዳ ይጫናል።»

«ይወጣል ብዬ ባይወጣስ?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉ አቶ መሸሻ። በአነጋገራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰውም ይህ ነው።

ቀለሟ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለቱን መንገድ መዘነች። አይወጣም ብላ ብትፈርም ናኦሚ ዕድሜዋን አህያ ስትጠብቅ ልትኖር ነው። ይወጣል ብላ ባይወጣ ሁለተኛ ቦኖ በስሟ ይቆማል፤ ያውም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ።

ሰኞ ሥዕሉን ዘርግታ አሰላች። ጤና ጣቢያው የሚቀጠልበት መገናኛ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነው። እዚያ ላይ ውሃው አሥራ ስምንት ሜትር ሽቅብ የሚያወጣ ግፊት ይኖረዋል አለ ወረቀቱ። ማክሰኞ ከቧንቧ ሠራተኛው ከደረሳ ጋር ሄደው መለኪያ አሰሩበት። ደረሳ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ፣ ቧንቧን በጆሮው አዳምጦ የት እንደሚያፈስ የሚናገር ሰው ነው። መለኪያውን በእጅጌው ጠረገና አነበበ።

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ስምንት መሆን አለበት።»

«ቀለሜ፣ መለኪያው ማንበብ አልተማረም። የደረሰበትን ነው የሚናገረው።»

«አምስት ሜትር የት ይሄዳል?»

ደረሳ የትምህርት ቤቱን አጥር በጥሞና ይመለከት ጀመር። አጥሩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቀለሟ ግን በዚያች ሰዓት የሰው ፊት ለማንበብ ጊዜ አልነበራትም፤ የጠረጠረችው ራሷን ነው። የሆነ ቦታ «በእጄ ሁለት» ብላ የያዘችውን ሁለት ጥላዋለች።

ረቡዕ ሙሉ ቀን እንደገና አሰላች። የሺአረግ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰባት የተቀደደ ገጽ ቆጠረች፤ እነዚያ ሰባት ገጾች ማታ ሻይ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ሆኑ። ቀለሟ መነሻ ግምቷን ለወጠችው። ሁሉ ውሃ በግራ ይሂድ አለች፤ አርማ አርማ ያው አሥራ ስምንት መጣ። ሁሉ በቀኝ ይሂድ አለች፤ አሥራ ስምንት። ጭራሽ አብዳ ውሃው በአንድ በኩል ሽቅብ ወደ ታንከር ይመለስ ብላ ጀመረች፤ ያም ወፈፌ ግምት ከአምስት ዙር በኋላ ልብ ገዝቶ አሥራ ስምንት ላይ መጥቶ ተቀመጠ። መብራት መጣና ኮምፒውተሩን ጠየቀችው። አሥራ ስምንት።

እርሳሷን አስቀመጠች። አራት ሰዎች ከአራት መንገድ መጥተው አንድ ደጅ ከቆሙ መንገዱ አልጠፋባቸውም፤ የተነገራቸው ደጅ ነው የሌላ ሰው። አሰላሏ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው የሚሰላው ነው። ሥዕሉ ላይ የተሳለው ቧንቧና መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ አይደሉም።

ይህ ሊያሳርፋት ሲገባ ይበልጥ አስፈራት። የራስን ስህተት በላጲስ ያጠፉታል። የመሬትን ስህተት በምን ያጠፉታል? የቀራት ደግሞ አንድ ቀን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደረሳን አስከትላ ኦቦ ጨመዳ ግቢ ገባች። ኦቦ ጨመዳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የሰፈሩም የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቤታቸው ከቀለበቱ የሚወጣው የታችኛው መስመር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥዕሉ እውነት መሆኑ የሚፈተነው ደግሞ ከመስመር መጨረሻ ነው።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ ኦቦ ጨመዳ። ቧንቧዎን እስቲ ይክፈቱልኝ።»

ከፈቱት፤ ወረደ። ቀለሟ ደረሳን ወደ ታችኛው መስመር ቫልቭ ላከችው፤ እንዲዘጋው። በሥዕሉ መሠረት ለኦቦ ጨመዳ ቤት ሌላ መንገድ የለውም፤ ቫልቩ ሲዘጋ ቧንቧቸው ጥቂት አንጠባጥቦ መድረቅ አለበት። ጠበቁ። ጎረቤት ደግሞ ሁለት ሰው ቆሞ ቧንቧ ሲያይ ካየ ሦስተኛ ለመሆን አይዘገይም፤ ግቢው ሞላ። አሥር ደቂቃ ሆነ። ውሃው እንደ ጉድ ይወርዳል።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዋቃ ነዋ፣ ኢንተለ ኮ። ከእግዚአብሔር ሌላ ውሃ የሚሰጥ አለ?»

«እሱንስ አምናለሁ። በየትኛው ቧንቧ ነው የላከው?»

ኦቦ ጨመዳ ጋቢያቸውን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወሩት። ደረሳ ተመልሶ መጣ፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ዘጋኸው?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም በልቻለሁ» አለ ደረሳ። «ከሦስት ዓመት በፊት። በሬ ታርዶ ነበር።»

ነገሩ ከዚያ በኋላ ተፈታ። ቧንቧው ሲቀበር ሰፈሩ በደቦ ነው የቆፈረው። አንዱ ቡድን ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ እየዘፈነ። በዕቅዱ መሠረት የላይኛው መስመር የሚያበቃው ማዶ ካለው ከኦቦ ሌሊሳ ቤት ነው፤ የታችኛው ከኦቦ ጨመዳ ቤት። መካከሉ አርባ እርምጃ ነው። በዚያው ወር ደግሞ የኦቦ ጨመዳ ልጅ ለኦቦ ሌሊሳ ልጅ ተዳረች።

«እስቲ አንቺው ፍረጂ» አሉ ኦቦ ጨመዳ። «ሁለት አማቾች አርባ እርምጃ ላይ ቆመው ቧንቧቸው ጀርባ ሊሰጣጥ ነው? ሰው ምን ይላል? ወጣቱ ቁፋሮ ላይ ሞቆታል፣ በሬው ታርዷል፣ ትራፊ ቧንቧ ሣር ላይ ተጋድሟል። አገናኘነው።»

«ለቢሮው አትናገሩም ነበር?»

«ሥዕሉ ተፈርሞ አልቆ ነበር እኮ። የተፈረመ ወረቀት ማስቸገር ነውር መሰለን።»

«የሰረቅነው ጠብታ የለም» አሉ ሚስታቸው ከበሩ ላይ። «ቆጣሪያችን ይቆጥራል።»

እውነታቸውን ነው፤ ሌባ አልነበረም። ያቺ የአርባ እርምጃ ዝምድና ግን አንድ ሌላ ቀለበት ሠርታለች። ከአጥሩ ጥግ ወደ ላይ ይወጣል የተባለው ውሃ በአማችነት ወደ ታች ሲፈስ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ አምስቱ ሜትር የሄደው እዚያ ነው።

ቀለሟ ዱካ ተሰጣትና እዚያው ተቀመጠች። አሁን ሁለት ቀለበት አለ፤ አንድ ቧንቧ ይጋራሉ፤ ችግሩም ይኸው መጋራት ነው። የመጀመሪያውን አርማ ስታስተካክል ሁለተኛው ይዛባል፤ ሁለተኛውን ስታቃና የመጀመሪያው ያኮርፋል። የአንዱ እርማት የሌላው ስህተት ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ደብተሯን ያያል።

«እዚህ ጋ አንድ ሊትር ይሁን ብዬ ልገምት» አለች፣ ራሷን ረስታ።

«ገመተች» አለ አንዱ ከኋላ፣ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፤ ይቆጠርባታል።»

አንደኛው ዙር፤ ስድስት ሜትርና አምስት ሜትር ስህተት። ሁለተኛው፤ ወደ ሁለት ወረደ። ሦስተኛው ላይ አንደኛው ቀለበት ሲቀንስ ሁለተኛው መልሶ ጨመረ። የማይገጥምም ስሌት አለ፤ ባረሙት ቁጥር የሚሸሽ። አራተኛው ወረደ። አምስተኛው ወረደ። ሰባተኛው ዙር ላይ የሁለቱም ስህተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ሆነ። የአጥሩን ጥግ ግፊት አወጣችው። አሥራ ሦስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ።

ደረሳ ቁጥሩን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምንቱ ቀና ብሎ ተነፈሰ።

ወሬ ሰምታ ከኮረብታው የወረደችው ሲስተር ናኦሚ ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። ቀለሟ የጤና ጣቢያውን ፍጆታ ጨምራ የመጨረሻውን ዙር እያሰላች ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«አራት ሜትር። ከቧንቧሽ አፍ በላይ አራት ሜትር ሽቅብ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ያውም ሰፈሩ ሁሉ ሲቀዳ።»

«ይበቃል?»

«ቀጭን ናት፤ ግን ትበቃለች።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ስለምትበቃ ነው» አለች ቀለሟ። «ባትበቃ ኖሮ አይወጣም ብዬ እገላገል ነበር።»

ዓርብ አቶ መሸሻ ወረቀቱን አቀረቡላት። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ሌላ ሰጧት፤ እሱም አልጽፍ አለ፤ ሦስተኛው ሲጽፍላት ሁለቱ እስክሪብቶዎች ደህና እንደ ነበሩ፣ እጇ አልጫን ብሎ እንደ ነበረ ገባት። «ይወጣል» ከሚለው ሥር ስሟን ጻፈች። ሥዕሉ ላይም ያቺን አርባ እርምጃ በቀይ አሰመረች።

የአዲሱ መስመር ቁፋሮም በደቦ ነበር። ቀለሟ ሥዕሉን ይዛ ከቦይ ቦይ እየዞረች፣ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ እየቆጠረች ዋለች። አንድ ክንድ ትራፊ ቧንቧ ባየች ቁጥር ወደ መጋዘን ታስጭነዋለች። ሥጋ ሲያቀርቡላት «ዛሬስ አልበላም» አለች፤ ሰዉ ጾም መሰለው።

ውሃው የተለቀቀው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ቱሉ ሀርቡ እስከ ሕፃኑ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰብስቧል፤ ሰፈር ውስጥ የቀረ ሰው የለም፣ የሚቀዳም የለም። ደረሳ ከታች ቫልቩን ከፈተ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ናኦሚ ቧንቧውን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ የመጣው አየር ነው፤ እያፏጨ። ከዚያ ዝም አለ። ቀለሟ ዓይኗን ጨፈነች። ከሰው መካከል አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አሳለና ቡኒ ውሃ ተፋ፤ ቀጥሎ ቀላ ያለ፤ ቀጥሎ ጥርት ያለ።

እልልታው ከኮረብታው ወርዶ አስፋልት ድረስ ተሰማ። ናኦሚ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ያለ ምንም ምክንያት ደግማ ታጠበች። ኦቦ ጨመዳ ቆባቸውን አውልቀው ጸለዩ። ኦቦ ሌሊሳ የቀለሟን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» አሏት፤ ተመስገኚ።

ቀለሟ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ደረሳ ወጥቶ እስኪመጣ ጠብቃ፣ ከቧንቧው አፍ ላይ አሳሰረችው። መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሁለት ሜትር ተኩል።

ደግማ አየችው። አራት ያለችው ሰው ሁሉ ሲቀዳ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ እዚህ ቆሟል፤ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቷል። ከአራትም እጅግ መብለጥ ነበረበት። በዚህች ሰዓት፣ ማንም በሌለበት፣ የሆነ ቦታ፣ ሥዕሉ ላይ በሌለ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

ደረሳን አየችው። ደረሳ እንደማያውቅ በሁለት እጁ አሳያት፤ እውነቱን ነበር። ኦቦ ጨመዳን አየች። ከዚያ ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰፈር አንድ በአንድ አየች፤ እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄደ።

«ያልነገራችሁኝ ሌላ ዝምድና አለ?» አለች።

ከኋላ የቆሙት አንድ በአንድ የጤና ጣቢያውን አጥር በጥሞና ይመለከቱ ጀመር።